በተራ ወይስ በፖዝ? ስለ ኮምፒውተር አርፒጂ ውጊያ የተደረገ ክርክር

ስፔስባር፦ የክርክሩ መነሻ ይኸው። «ባልደርስ ጌት 3» በ2023 ወጥቶ የዓመቱን ምርጥ ጌም ሽልማት ከወሰደ ወዲህ «በፖዝ እያቆሙ የሚጫወቱት የቀጥታ ውጊያ አብቅቶለታል፤ ከእንግዲህ አርፒጂ (ገጸ ባሕሪ እያሳደጉ የሚጫወቱት ጌም) ሁሉ በተራ ይሁን» የሚል ወሬ በዝቷል። እኔ ተቃዋሚ ነኝ። በቀጥታው ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፣ በተራው አንድ በአንድ። የ1998ቱ የመጀመሪያው «ባልደርስ ጌት» ስድስት ሰው ያሰልፋል፣ ሦስተኛው አራት። በተራ ሲሆን ሰው በጨመርክ ቁጥር ሌላው ሁሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጎብሊኖች የሞሉበት ግቢ ውስጥ ውጊያ ከከፈትክ ተራህ እስኪደርስ እያንዳንዱ ጎብሊን ሲያስብ፣ ሲራመድ፣ ቀስት ሲስት ታያለህ። በቀጥታው ግን ደካማው ጠላት ወዲያው ያልቃል፤ ጠንካራው ሲመጣ ስፔስባር ተጭነህ ታቆማለህ። ጊዜህ የሚጠፋው ሊጠፋበት በሚገባው ቦታ ነው።

ፋየርቦል፦ ስድስት ሰው ስለተሰለፈ ታክቲክ አለ ማለት አይደለም። የመጀመሪያውን «ባልደርስ ጌት» ሆድ ዕቃ እንየው እስቲ። አንድ ዙር 6 ሰከንድ ነው። የድግምት ፍጥነት የሚቆጠረው በዙሩ አንድ አሥረኛ ስለሆነና የፋየርቦል (የእሳት ኳስ ድግምት) ፍጥነት 3 ስለሆነ፣ ጠንቋዩ ድግምቱን ጀምሮ እስኪጨርስ 1.8 ሰከንድ ይፈጃል። ያነጣጠርከው ደግሞ መሬቱ ላይ ነው። በዚያች 1.8 ሰከንድ ውስጥ ጠላት ሮጦ ከራስህ ተዋጊ ጋር ይያያዛል፤ እሳቱ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ጠንቋዩ በመሀል አንዲት ቀስት ካገኘችው ድግምቱ ይከሽፋል፣ ለቀኑ የያዘውም ይባክናል።

ሁለተኛው ችግር ዓይን ላይ የሚታየው ነገር ውሸት መሆኑ ነው። ገጸ ባሕሪው ሰይፉን ደጋግሞ ይሰነዝራል፤ አንደኛ ሌቨል ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዙር አንዱ ብቻ ነው ባለ 20 ገጽ ዳይስ የሚጣልለት። ሌላው ማስጌጫ ነው። የመምቻ ቁጥሩ 20 የሆነ ጀማሪ ተዋጊ የመከላከያ ቁጥሩ 5 የሆነን ጠላት ለመምታት 20 ሲቀነስ 5፣ ማለትም 15ና ከዚያ በላይ ማውጣት አለበት። 30 በመቶ! ተጫዋቹ ይህን የሚያውቀው የጽሑፍ መዝገቡን ካነበበ ነው። «ባልደርስ ጌት 3» ላይ ግን ጠቋሚውን ጠላቱ ላይ ስታደርግ መቶኛው ይወጣልሃል። የፋየርቦሉም 4 ሜትር ራዲየስ መሬቱ ላይ ተስሎ ማን እንደሚቃጠል አስቀድመህ ታያለህ።

ስፔስባር፦ ወዳጄ፣ የፋየርቦሉ ችግር በአቀማመጥ የሚፈታ ነው። ጥሩር የለበሰውን ሰው በር ላይ አቁም፤ ጠላት በሩ ላይ ሲታጎር መጀመሪያ ዌብ (የሸረሪት ድር ድግምት) ጣልበት፣ ከዚያ የእሳቱን ነጥብ ከታጎረው ሰልፍ ኋላ አድርገው። የክቡ ጠርዝ የፊተኞቹን ሲነካ ያንተ ሰው ከክቡ ውጭ ይቀራል። የተያዘ ጠላት ስለማይሮጥ 1.8 ሰከንዱ ምንም አይጎዳህም። መዝገቡ ይሮጥብኛል ካልክ አውቶ ፖዝ አለልህ፦ ጠላት ሲታይ፣ የያዝከው መሣሪያ ሳያገለግል ሲቀር (የቀስት ማለቅን የሚነግርህ ይህ ነው)፣ ድግምት ሲጣል፣ ዙር ሲያልቅ። የመጨረሻውን ካበራህ በየ6 ሰከንዱ ራሱ ይቆማል። በጌሙ የሚያማርሩት አብዛኞቹ ያንን ገጽ ከፍተው አያውቁም።

ቫልት 13፦ በየ6 ሰከንዱ የሚቆም ከሆነማ ተራ ነዋ፤ ያውም የተበላሸ ተራ።

በተራ መጫወት የቅርብ ጊዜ ፋሽን እንዳይመስላችሁ። «ፑል ኦፍ ሬዲያንስ» በ1988 በተራ ነበር፣ «ፎልአውት» በ1997 በተራ ነበር። «ፎልአውት» ላይ የድርጊት ነጥብህ 5 ሲደመር የቅልጥፍናህ ግማሽ ነው። ቅልጥፍናህ 6 ከሆነ 8 ነጥብ ታገኛለህ። የ10 ሚሊሜትሩ ሽጉጥ ለአንድ ጥይት 5 ይበላል፤ ስለዚህ አንዴ ተኩሰህ 3 ይተርፍሃል። የተረፈው ለዚያ ዙር መከላከያህ ላይ ይጨመራል፣ ግን አይገድልልህም። አሁን ገጸ ባሕሪውን ስትፈጥር «ፋስት ሾት» የሚባለውን ባሕርይ ምረጥ፦ ተኩሱ ወደ 4 ይወርዳል፣ 8 ነጥብ ለሁለት ጥይት ልክ ትሆናለች። ዋጋው ዓይን ወይም እግር ነጥሎ መምታት መከልከሉ ነው። ይቺን ሂሳብ በቀጥታ ውጊያ ውስጥ አምጣልኝ። አታመጣም፣ ምክንያቱም እዚያ የተረፈ ነጥብ የሚባል ነገር የለም፤ ሰዓቱ ይበላዋል።

ድክመቱን አልደብቅም፤ ከተማ ውስጥ ተኩስ ከተከፈተ መንገደኛው ሁሉ ተራ ይይዛል፣ የውጊያ ፍጥነቱን ከአማራጮች ገጽ ወደ ላይ ካልገፋኸው ያታክታል። አጋርህ ኢያን ከኋላህ ሆኖ በሰብማሽንጉኑ አንተኑ ሲረሽንህ ደግሞ ጥፋቱ የተራው አይደለም፤ አጋሮችህን ማዘዝ አለመቻልህ ነው።

መዳብ ጋሻ፦ ሦስታችሁም ስልቱን ብቻ እየመዘናችሁ ነው። እኔ የምጠይቀው ጌሙ ከመነሻው ለየትኛው ተሠራ ነው። «ፒላርስ ኦፍ ኢተርኒቲ 2፦ ዴድፋየር» በ2018 ለቀጥታ ውጊያ ተሠርቶ ወጣ፤ በ2019 መጀመሪያ በተራ መጫወት ተጨመረለት። ምን ሆነ? በቀጥታው ቀላል ጩቤ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ከባድ ጥሩር ያዘገያል፤ ሚዛኑ የቆመው በዚህ ላይ ነው። በተራው ግን ሁሉም በዙር አንድ ዋና ድርጊት አለው፤ ፍጥነት የሚወስነው ማን እንደሚቀድም ብቻ ሆነ። ስለዚህ ባለ ሁለት እጅ ትልቁን መሣሪያ ይዞ፣ ከባዱን ጥሩር ደርቦ መጨረሻ ላይ መምታት ይሻላል፤ በዙር አንዴ ከመታህ አይቀር ከባዱን ነዋ። ለቀጥታው የሠራኸውን ባለ ጩቤ ገጸ ባሕሪ እንዳለ ወደ ተራው ብታዛውረው ከንቱ ይሆናል። በዚያ ላይ የጠላቱ ብዛት በቀጥታው ልክ ስለተቀመጠ ትንሹ ውጊያ ሁሉ ይንዛዛል።

በተቃራኒው በ2001 የወጣውን «አርካነም»ን እዩ፤ ሁለቱንም ስልት ይዞ መጥቶ ቀጥታው ምስቅልቅል ነው።

ፋየርቦል፦ እህቴ፣ የ«ዴድፋየር»ን ተቀብያለሁ። ግን «ራዝ ኦፍ ዘ ራይቸስ» (2021) ሁለቱን ስልቶች ይዞ ወጣ፣ በውጊያ መሀልም በአንድ ቁልፍ ትቀያይራለህ። ለደካማ ጠላት ቀጥታ፣ ለአለቃው በተራ። ይሠራል እኮ።

መዳብ ጋሻ፦ ይሠራል፣ ምክንያቱም የተነሣው ከጠረጴዛ ጨዋታ ሕግ ነው፤ በ6 ሰከንድ ዙር ውስጥ ስንት ድርጊት እንደሚፈቀድ አስቀድሞ ተጽፏል። «ዴድፋየር» የራሱን የፍጥነት ሂሳብ ስለፈጠረ ነው የተሰበረው። እንዲያም ሆኖ «በአንድ ቁልፍ» የምትለው ነገር ራሱ ይመሰክርብሃል፦ ገንቢው ውጊያዎቹን ከመቀነስ ይልቅ በፍጥነት ማለፊያ ሰጠህ።

ስፔስባር፦ ማለፊያ ከሆነስ የ«ድራገን ኤጅ ኦሪጅንስ» (2009) ታክቲክስ ገጽ ይሻላል። ለእያንዳንዱ ሰው ሕግ ትጽፋለህ፦ «ጤናዬ ከ25 በመቶ ሲወርድ መድኃኒት ልጠጣ»፣ «ጓዴ በቅርብ ሲመታ አጥቂውን ላደንዝዝ»። ጌሙ ከላይ ወደ ታች አንብቦ የመጀመሪያውን እውነት የሆነ መስመር ይፈጽማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ጠላት ካለ ምታ» የሚለውን አንደኛ መስመር ላይ ሲያደርገው ነው፤ ጠላት ሁልጊዜ ስላለ መድኃኒቱ ጋ መቼም አይደርስም፣ ሰውየው ብልቃጡን እንደታቀፈ ይሞታል። መድኃኒቱን ላይ፣ ማደንዘዣውን መሀል፣ ጥቃቱን ታች። ይህን አስተካክሎ መጻፍ ታክቲክ ካልሆነ ታክቲክ ምንድን ነው?

ቫልት 13፦ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ከጻፍክ በኋላ የምታየው ፊልም ነው።

ስፔስባር፦ የእናንተው «ባልደርስ ጌት 3»ስ? ካርሚክ ዳይስ የሚባለው ጌሙ ሲከፈት ጀምሮ የበራ ነው። መጥፎ ዳይስ ሲደጋገም ያቃናል፣ ለጠላትም ጭምር። መከላከያውን ከፍ አድርጎ «አይመቱኝም» ብሎ የገነባ ሰው ከሂሳቡ በላይ ይመታል። ያን የምትወዱትን መቶኛ እያሳየ ከኋላ ያርመዋል።

ቫልት 13፦ ታዲያ አጥፋው። አማራጮች ውስጥ አንድ ምልክት ማንሳት ነው፤ ከዚያ በኋላ 70 በመቶ 70 በመቶ ነው፣ ሦስቴ ተከታትለህ ብትስትም።

መዳብ ጋሻ፦ ሦስቴ የመሳት ዕድል 2.7 በመቶ ነው። ረጅም ጌም ውስጥ ደጋግሞ ይደርስብሃል፤ ያኔ የቀድሞውን ሴቭ እንደገና ከመጫን የሚያግድህ ሕግ ካላበጀህ ካርሚኩን ብታጠፋም ያው ነው።