የእህቴ ቤት ዲሲ፣ የእኔ ወረቀት የሜሪላንድ

ሰላም ወገኖች፣ ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። ታላቅ እህቴ በቅርቡ አረፈች። ኑሮዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለነበር የውርስ ንብረቷ አስተዳዳሪ አድርጎ የሾመኝ ሜሪላንድ ነው። በስሟ ያለው ኮንዶ ግን ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ሽያጩን የያዘው ቢሮ «የሜሪላንድ ወረቀት ብቻውን እዚህ አይሠራም» አለኝ። እንደገባኝ የሹመቱን ቅጂ ዲሲ ማስመዝገብ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት የሚቀበልልኝ እዚያ የሚኖር ወኪል መሰየም፣ ለእህቴ አበዳሪዎችም በጋዜጣ ማስታወቂያ ማውጣት አለብኝ።

ትናንት ቤቷ ገባሁ። የቡና ስኒዎቿ እንደታጠቡ ረከቦቱ ላይ ተደፍተዋል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የኮንዶው ወርሃዊ ክፍያ ደግሞ አይጠብቅም። ደሴ ያለችው እናታችንም በየቀኑ «ምን ደረሰ ልጄ?» ትለኛለች።

በዚህ ያለፋችሁ፣ በራሳችሁ ጨረሳችሁት ወይስ በጠበቃ? ወኪልስ ማንን አደረጋችሁ? እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።