ያለ ገዢ ኤጀንት ቤት ለማየት ምን ብዬ ልጻፍ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለሽያጭ የወጣ ታውንሃውስ ማየት እፈልጋለሁ። የባንክ ፕሪአፕሩቫል (ብድር እንደሚሰጠኝ አስቀድሞ የሚገልጽ) ደብዳቤ አለኝ፤ ውሉን የሚመረምርልኝ ጠበቃም ይዣለሁ። የራሴ ኤጀንት የለኝም፣ እንዲኖረኝም አልፈልግም። ኦፕን ሃውስ (ማንም ገብቶ ቤቱን የሚያይበት ቀን) ስለሌለ በቀጥታ ለሻጩ ኤጀንት ደወልኩ፤ ሳይፈረም ቤቱን እንደማያሳይ ነገረኝ።

የላከልኝ ወረቀት ለ6 ወር የሚያስር የገዢ ውክልና ነው። ኮሚሽኑ 2.5 በመቶ ሲሆን በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ቤት በራሴ ፈልጌ ብገዛም ክፍያው ይከተለኛል። ለዚህ ቤት ብቻ፣ ለአንድ ቀን፣ ያለ ክፍያ እናድርገው ብዬ ብጠይቀውም እሺ አላለም።

ከኦገስት 17 ቀን 2024 ጀምሮ የመጣው፣ ቤት ከመታየቱ በፊት ከገዢው ጋር የጽሑፍ ስምምነት ይፈረም የሚለው ግዴታ ለገዢ የሚሠራ ኤጀንትን እንጂ ሻጩን ብቻ ወክሎ ቤት የሚያሳየውን አይመለከትም። ኤጀንት ማንን እንደሚወክል የሚያስረዳውን የሜሪላንድ ቅጽ ግን ደስ ብሎኝ እፈርማለሁ፤ እሱ ማሳወቂያ እንጂ ውል አይደለም።

አሁን ለኤጀንቱ የበላይ ብሮከር (ኤጀንቱን ለሚቆጣጠረው የድርጅቱ ኃላፊ) ልጽፍ ነው። ወኪል የሌለኝ ገዢ ሆኜ ቤቱን እንዳይና በኋላ ኮሚሽን እንዳልጠየቅ ደብዳቤው ላይ የትኛውን ቃል ላስገባ?