ዜና ዕረፍት ወይስ የዓመት ዕረፍት?

የረቡዕ ልጅ፦
ዛሬ ከሱቅ ወጥቼ ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ማርቭል ያወጣውን የኤክስ ሜን ሄልፋየር ጋላ መጽሔት ነው የምላችሁ። ካማላ ካን ተነስታለች! ሚስ ማርቭል፣ የጀርሲ ሲቲዋ ልጅ፣ ሜይ 31 በአሜዚንግ ስፓይደርማን ቁጥር 26 የገደሏት። ዛሬ ጁላይ 26፣ 2023 ነው፣ ሁለት ወር እንኳን አልሞላም። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ግን ትናንት ቦሌ ሮቢን የጻፈው ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። «ኮሚክስ ላይ ማንም አይሞትም፣ የዓመት ዕረፍት ወጥቶ ነው የሚመለሰው። የሚያለቅስ ካለ ማስታወቂያ እያየ ነው የሚያለቅሰው» አለ። እኔ ቁጥር 26ን ሳነብ እንባዬ መጥቷል። ማስታወቂያ ነው እንዴ ያስለቀሰኝ?

ቦሌ ሮቢን፦
አዎ። ትናንት ዕረፍት ላይ ናት አልኩ፣ ዛሬ ሥራ ገባች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ላምጣ? መታሰቢያ ብለው ጁላይ 12 ሌላ መጽሔት ሸጡልህ፣ በሁለት ሳምንቱ አስነሷት። ለልቅሶውም ከፈልክ፣ ለትንሣኤውም ከፈልክ።

ዲሲ ያለሁ የማርቭል ልጅ፦
የዓመት ዕረፍት እኮ ሰው ጠይቆ ነው የሚወጣው። እሷን ማን ጠየቃት? በዚያ ሰዓት የራሷ መጽሔት እንኳን አልነበራትም። ኦስኮርፕ የሚባል ኩባንያ ውስጥ ተለማማጅ ሠራተኛ አድርገው አመጧት፣ ለወራት ብቅ ጥልቅ ስታደርግ ከረመች፣ ከዚያ የስፓይደርማንን (የፒተርን) የድሮ ፍቅረኛ ኤምጄን ለማዳን የኤምጄን መልክ ይዛ ተወጋች። በሰው መጽሔት፣ በሰው ፊት! የራሷ ፊት የተመለሰላት ከተወጋች በኋላ ነው። ለምን ሞተች? ፒተር እንዲያዝን። በዚያ ላይ ነገሩ የተደገሰው የፒተር ፍቅረኛ ለነበረችው ለግዌን ስቴሲ ነው። ግዌን የሞተችው 1973 ነው፣ ቁጥር 121 ላይ፣ ዘንድሮ 50 ዓመት ሞላት። ሰው ለሙት ዓመት ይደግሳል እንጂ ሌላ ሬሳ ይጨምራል እንዴ?

ቦሌ ሮቢን፦
በዚህ ተስማማን ማለት ነው። አንቺም ድግስ ነው አልሽ።

ዲሲ ያለሁ የማርቭል ልጅ፦
አልተስማማንም። እኔ በደል ነው ያልኩት። አንተ ቀልድ ነው ነው ያልከው።

ጥቁር ከረጢት፦
ልጆች፣ እኔም ላውጋችሁ። ኖቬምበር 1992 ሱፐርማን ቁጥር 75 ሲወጣ ዋሽንግተን ፓርኪንግ ነበር የምሠራው። መጽሔቱ በጥቁር ከረጢት ታሽጎ፣ ላዩ ላይ ደም የሚያንጠባጥብ ኤስ ታትሞበት ነበር የሚሸጠው። ሁለት ገዛሁ። አንዱን ከፈትኩት። ውስጡ ክንድ ላይ የሚታሰር ጥቁር ጨርቅ አለ፣ የዴይሊ ፕላኔት ጋዜጣ ዜና ዕረፍት ተቆርጦ ገብቷል። ጨርቁን አስሬ ሥራ ገባሁ። አለቃዬ ደንግጦ «ማን ሞተብህ?» አለኝ። ሱፐርማን ስለው ለግማሽ ቀን አላናገረኝም። በሚቀጥለው ዓመት ሰውዬው ፀጉሩን አሳድጎ ተመለሰ። ሁለተኛውን እንደታሸገ ለልጄ ትምህርት ቤት ይሆናል ብዬ አስቀመጥኩት። ዛሬ ብሸጠው ለሁለት ሰው ክትፎ አይበቃም፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው እንደኔው አስቀምጦታል።

ቦሌ ሮቢን፦
ጋሼ ይባረኩ! ፀጉሩን አሳድጎ የተመለሰ ሰው ዕረፍት ላይ ካልነበረ የት ነበር? እርስዎ ራስዎ ምስክር ሆኑልኝ።

ጥቁር ከረጢት፦
አልመሰከርኩልህም። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ዜና ዕረፍት ነው ነው ያልኩህ። አንተ ደግሞ የዓመት ዕረፍት ትላለህ። በአማርኛችን ሁለቱም ዕረፍት ነው፣ ሰው ግን አያምታታቸውም። ጎረቤትህ «አባዬ ዐረፉ» ብሎ ቢደውልልህ «መቼ ይመለሳሉ?» ትለዋለህ?

የረቡዕ ልጅ፦
😂😂 ጋሼ ጨረሱት!

ሰበር ችሎት፦
ነገሩን በሕግ እንየው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው 16 የሥራ ቀን ነው። ሟች ከሜይ 31 እስከ ጁላይ 26፣ ቅዳሜና እሑዱን አውጥተን፣ 40 የሥራ ቀን ቀርታለች። የዓመት ዕረፍት ሊሆን አይችልም። የወሊድ ፈቃድ ነው እንዳንል እሱ 120 ቀን ነው፣ ቶሎ ገብታለች።

ቦሌ ሮቢን፦
ሥራ የጀመረችው 2013 ነው። ዕረፍቷ ተጠራቅሞላት ነው።

ሰበር ችሎት፦
ከሁለት ዓመት በላይ አይተላለፍም። ክርክርህ ውድቅ ነው።

የረቡዕ ልጅ፦
ቆይ ቀልዱን ተዉትና ባሪ አለንን ንገረኝ ሮቢን። ፍላሽ። 1985 ሞተ፣ 2008 ተመለሰ። 23 ዓመት! በእነዚያ 23 ዓመታት ረዳቱ ዋሊ ዌስት ልብሱን ለበሰ፣ አደገ፣ አገባ፣ ወለደ። አንድ ትውልድ ሙሉ ፍላሽ ሲባል ዋሊን ነበር የሚያውቀው። እኔ ራሴ ከዚያ ትውልድ ነኝ። የባሪ ሞት ባይኖር ዋሊ አይኖርም። ይኼ ዕረፍት ነው?

ቦሌ ሮቢን፦
እሱ ረጅም ዕረፍት ነው። ግን ተመለሰ ወይስ አልተመለሰም? ተመልሶስ ዋሊን ምን አደረጉት? ጥግ አስያዙት። የአንተን ሰው የጎዳው መሞቱ ሳይሆን መመለሱ ነው፣ ስለዚህ በኔ ላይ ሳይሆን ከኔ ጋር ሆነህ ነው የምታለቅሰው።

የረቡዕ ልጅ፦
ይቺን አልመልስልህም። ዋሊን አንስተህ አታስለቅሰኝ።

የደሴ ልጅ፦
እኔን የገረመኝ ቀኑ ነው። በኛ አቆጣጠር ግንቦት 23 ሞታ ሐምሌ 19 ተነሳች። 56 ቀን። አርባዋ ወጥቶ ሰማንያዋ ሳይደርስ። እድርተኛው ድንኳኑን መልሶ ወንበሩን ቆጥሮ ሳይጨርስ «ደህና ነኝ» ብላ መጣች። ማርቭል እድር ቢኖረው እስካሁን ከስሮ ነበር።

ሰበር ችሎት፦
ሐምሌ 19 ደግሞ ቁልቢ ገብርኤል ነው። ስለት ነበረባት?

ዲሲ ያለሁ የማርቭል ልጅ፦
ሙስሊም ናት! አርባና ሰማንያ፣ ገብርኤል፣ ስለት... ቢያንስ ልጅቷን እወቋት እንጂ።

የደሴ ልጅ፦
እህቴ እኔም ሙስሊም ነኝ። እኛ ሰፈር በሰባትም በአርባም ሰደቃ ይወጣል። ልክ አይደለም የሚል አለ፣ የአባቴ ወንድም ራሱ አይመጣም። እሱን ክርክር እዚህ አንጀምረው።

ማሕሌት፦
እኔ መመለሳቸው ምኑ እንደሚያናድዳችሁ አይገባኝም። እኛ እኮ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሰባት ዓመት ተሰቃይቶ ሦስት ጊዜ ሞቶ ሦስት ጊዜ ሲነሳ እየሰማን ነው ያደግነው። ጀግና ሲነሳ ደስ ይላል፣ በቃ።

ሰበር ችሎት፦
ማሕሌት፣ ገድልን ከኮሚክስ ጋር አታደባልቂ። በአራተኛው ዐርፏል፣ አክሊሉንም ተቀብሏል። ስፓይደርማን ምን ተቀበለ?

ማሕሌት፦
አላደባለቅኩም። ጆሯችን ለምዶታል ነው ያልኩት። አንተ ደግሞ ሁሉንም ነገር ችሎት ታደርገዋለህ።

ዲሲ ያለሁ የማርቭል ልጅ፦
ወደ ጉዳያችን። ሮቢን፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ስምህን ከማን ነው የወሰድከው?

ቦሌ ሮቢን፦
ከጄሰን ቶድ፣ ከባትማን ሁለተኛው ሮቢን። ሁሉም ያውቃል። ምነው?

ዲሲ ያለሁ የማርቭል ልጅ፦
በ1988 የባትማን አሳታሚ ዲሲ ስለ ጄሰን ሁለት ስልክ ቁጥር አወጣ። በአንዱ የደወለ ይሙት፣ በሌላው የደወለ ይኑር። ለአንድ ጥሪ 50 ሳንቲም። 5,343 ሰው ይሙት አለ፣ 5,271 ይኑር አለ። በ72 ድምፅ ልዩነት ጆከር ልጁን ገደለው። ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ በዓለም ላይ አለ? ስልክ አስደውለው ገንዘብ እየተቀበሉ! ከዚያ 2005 ላይ ቀይ ቆብ አድርጎ ተመለሰ። እሱስ የዓመት ዕረፍት ላይ ነበር?

ቦሌ ሮቢን፦
እሱ ሌላ ነው።

የረቡዕ ልጅ፦
ኧረ! እንዴት?

ቦሌ ሮቢን፦
17 ዓመት ሙሉ ሞቶ ቆየ እኮ። ባትማን ዋሻ ውስጥ ልብሱ በመስታወት ሳጥን ተቀምጦ፣ ባትማን በዚያ ባለፈ ቁጥር እያየው። ያ ሞት ክብደት ነበረው። የካማላ ልብስ ከላውንደሪ ሳይመለስ ነው እሷ የተመለሰችው።

ዲሲ ያለሁ የማርቭል ልጅ፦
ስለዚህ ያንተ ሰው ሲሆን ሞት፣ የኔ ስትሆን ዕረፍት። «ማንም አይሞትም» ያልከው አንተ ነህ። ማንም! አሁን ደግሞ ክብደት መመዘን ጀመርክ።

ቦሌ ሮቢን፦
ማንም ስል... በጥቅሉ ነው ያልኩት።

የረቡዕ ልጅ፦
«በጥቅሉ» 😂 ይኼን ጽፌ ግድግዳዬ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ቦሌ ሮቢን፦
እሺ ሳቁ። ግን ይቺን መልሱልኝ። ኖቬምበር ላይ ፊልም አላት ወይስ የላትም? ባለፈው ዓመት ተከታታይ ፊልሟ መጨረሻ ላይ ሚውቴሽን የምትል ቃል ጣል አላደረጉም? እዚህ ኮሚክሱ ላይ ግን ለአሥር ዓመት ኢንሂውማን ከሚባለው ዘር ነበረች። እንግዲህ ኢንሂውማኗን ገደሉና ሚውታንት፣ ማለትም የኤክስ ሜን ዘር፣ አድርገው አስነሷት፣ ከፊልሙ ጋር እንድትገጥም። ይኼ ታሪክ ነው ወይስ መታወቂያ እድሳት? አዲሱን መጽሔቷን ደግሞ ማን ነው አብሮ የሚጽፈው? ተዋናይዋ ኢማን ቬላኒ ራሷ!

ዲሲ ያለሁ የማርቭል ልጅ፦
ስለ ኢማን አፍህን ሰብስብ። ልጅቷ ከብዙዎቻችን በላይ ኮሚክስ አንባቢ ናት። ስለ መታወቂያው ግን እውነትህን ነው፣ እኔም አልወደድኩትም። እኔን የሚያበሳጨኝ ምን መሰለህ? የመጀመሪያው ቅጽዋ 2015 ላይ ሁጎ ሽልማት ወስዷል። በጠብ በጫጫታ አይደለም የወሰደው። ቤት ሌላ፣ ትምህርት ቤት ሌላ የሆነች ልጅ ታሪክ ስለሆነ ነው። እናቷ የት ነበርሽ ስትላት እውነቱን መናገር የማትችል ልጅ። እኔ ያንን መጽሔት ሳነብ 15 ዓመቴ ነው። ማታ ከተፈቀደልኝ ሰዓት በኋላ በመስኮት የገባሁበትን ቀን ያየብኝ ሰው የሳለው ነበር የመሰለኝ። እሷን ለአንድ ረቡዕ ወሬ ሲገድሏት «ዕረፍት ነው አታልቅሺ» የሚለኝ ሰው ያናድደኛል። ወሬው ራሱ ከሽያጩ ቀን በፊት ሾልኮ ወጥቶ፣ ሱቅ ስሄድ መሞቷን አውቄ ነው የገዛሁት። ሟቹን አውቀህ ልቅሶ እንደመሄድ ማለት ነው።

የደሴ ልጅ፦
መስኮት ሲነሳ ዝም አልኩ። እኔም የገባሁበት መስኮት አለ።

ማሕሌት፦
ስለ ሌሎቹስ ማንም አያወራም? ዛሬ እሷን ባስነሱበት መጽሔት ውስጥ ኦርኪስ የሚባለው የጠላት ድርጅት ሚውታንቱን እንዴት እንደፈጀ አላያችሁም? ከ2019 ጀምሮ የሚውታንቱ ደሴት ክራኮአ ላይ የሞተ ሁሉ በተራ ሲነሳ ኖረ፣ አሁን እሷ ገና ገብታ ከመቀመጧ ቤቱ ፈረሰ። የመጨረሻዋን አውቶቡስ ያገኘች ነው የምትመስለው።

ቦሌ ሮቢን፦
እነሱም ይመለሳሉ። ዕረፍት...

የረቡዕ ልጅ፦
እንዳትጨርሳት!

ባለ ጀምበር፦
ይቅርታ በመሃል ገብቼ። በየሳምንቱ ለአንድ ቀጭን መጽሔት አራት አምስት ዶላር እየከፈላችሁ ስለ ጀርሲ ልጅ ታለቅሳላችሁ። ኤታን ኮሚክስ 2018 ላይ ጀምበርን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሲያወጣ ስንቶቻችሁ ገዛችሁ? ሃዊንስ? የራሳችን ጀግና በራሳችን ቋንቋ ሲመጣ «ጥሩ ነው ወንድሜ፣ በርታ» ብላችሁ አለፋችሁ።

የረቡዕ ልጅ፦
እኔ ገዝቻለሁ። በሁለቱም ቋንቋ። አማርኛውን ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት፣ ያንን ሲጨርስ እንግሊዝኛውንም ወሰደብኝ።

ባለ ጀምበር፦
አንድ ሰው ተገኘ። ጎበዝ።

ቦሌ ሮቢን፦
ጀምበር እስካሁን አልሞተም። ስለዚህ ገና አልተሸጠም ማለት ነው።

ባለ ጀምበር፦
አሁን ይኼ ቀልድ ነው?

ጥቁር ከረጢት፦
ተዉት፣ ልጅ ነው። ሮቢን፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ድሮ እኛ የምንላት አባባል ነበረች፣ ኮሚክስ ላይ ሞቶ የሚቀር ሦስት ሰው ብቻ ነው፣ የካፒቴን አሜሪካ ረዳት ባኪ፣ ጄሰን ቶድና የስፓይደርማን አጎት ቤን። ከዚያ በ2005 አካባቢ ባኪም ጄሰንም አከታትለው መጡ። እኔ ያን ቀን ነው ተስፋ የቆረጥኩት። ካፒቴን አሜሪካን 2007 ላይ በጥይት ሲገድሉት ዜና ማሰራጫው ሁሉ ሲያወራ እኔ ቡናዬን ነበር የምጠጣው። አላለቀስኩም። ግን አለማልቀሴ እንደ ጉብዝና አይቆጠርልኝም። 1992 ላይ ጨርቁን አስሮ ሥራ የገባው ሰውዬ ይሻል ነበር።

ዲሲ ያለሁ የማርቭል ልጅ፦
ጋሼ ❤️

የረቡዕ ልጅ፦
እሺ ሮቢን፣ ጋሼ አስታወሱኝ። አጎት ቤን 1962 ሞተ። እስከዛሬ አልመጣም። እሱስ ምን ላይ ነው?

ቦሌ ሮቢን፦
እሱ ጡረታ ወጥቷል።

ሰበር ችሎት፦
ጡረታ በ60 ዓመት ነው። ሲሞት ስንት ዓመቱ ነበር? መጽሔቱ ላይ የተጻፈበትን ገጽ ያለው ሰው ያምጣ።