ባሕር ሸሽ ላይ ማን ያሰማራ? የጋራ ዕቅዳችን ረቂቅ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልኝ አባላት። ለወረዳው የምናስገባው የበግና የሥጋ ከብት ዕቅድ ረቂቅ ደርሷችኋል። እስከ ዓርብ ማታ ሐሳባችሁን ስጡ። «ጥሩ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉኝ። ባለፈው እንዲያ ብላችሁ ስብሰባ ላይ ዘመታችሁብኝ።

አባል፣ ከፎገራ፦
እኔ ልጀምር። ረቂቁ ስለ ዝርያ ሁለት ገጽ አለው፣ ጣና ሲሸሽ ስለሚወጣው መሬት፣ ስለ ባሕር ሸሽ፣ አንድ መስመር። መገልበጥ አለበት። በጋ ላይ ጣና ሲሸሽ የሚወጣውን ለምለም ሣር ማን ይጠላል? የጉበት ትሉም ያለው እዚያው ነው። ረግረጉ ውስጥ ቀንድ አውጣ ታሳድገዋለች፣ ወጥቶ እርጥብ ሣር ላይ ይለጠፋል፣ በጉ ይግጠዋል። አምና አንዲት እናት በግ ከአገጯ ሥር ውኃ ቋጥራ እንደ ከረጢት ተንጠለጠለባት። ብዙም አልቆየች፣ ሞተች። ሆዷን ስንከፍት ጉበቷ ጠጥሯል፣ የሐሞት ቱቦው ውስጥ ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ተጠቅጥቋል። እዚያ ያሰማራኋት እኔው ነኝ።

አባል፣ ከዘጌ በኩል፦
ልክ ነህ ወንድሜ። ግን መሬቱ የወል ነው። እኛ ብንተው ሌላው ያሰማራበታል። መድኃኒት አይበቃም?

የእንስሳት ጤና ባለሙያው አባል፦
መድኃኒት ሰጥተን በማግስቱ እዚያው ከመለስናቸው ገንዘብ ማባከን ነው። አልቤንዳዞል ደግሞ የበሰለውን ትል እንጂ ለጋውን አይገድልም። በጋራ ግዥው ዝርዝር ትሪክላቤንዳዞል ይግባ። መጠኑም በክብደት እንጂ በዓይን ግምት አይሁን።

እናት አባል፣ ከባሕር ዳር ዙሪያ፦
እሺ ልጆቼ፣ ከብቱስ ምን ይብላ? ገለባ ብቻ አያደልብም። ፋጉሎም፣ የዘይት ጭማቂው ተረፍ፣ ውድ ነው።

አባል፣ ከፎገራ፦
እትዬ፣ የሩዝ ገለባ ሞልቶናል። መቶ ኪሎ ገለባ፣ አምስት ኪሎ ዩሪያ፣ መቶ ሊትር ውኃ። እየረጩ መጠቅጠቅ፣ በፕላስቲክ አፍኖ 21 ቀን ማቆየት። ሲከፈት ሽታው ዓይን ያቃጥላል፣ ስለዚህ አናፍሶ ማብላት። አንድ አደራ አለኝ፦ የዩሪያውን ውኃ ከብት እንዳይጠጣው፤ ይገድላል። ለጥጃም አይሰጥም።

ወጣት አባል፦
እምቦጩንስ? ሐይቁንም እናጸዳለን፣ ከብቱንም እናበላለን።

እናት አባል፦
አይ ልጄ፣ ሞክሬዋለሁ። ከመቶው ዘጠና በላይ ውኃ ነው። ተሸክሜው ወገቤ ተቆረጠ፣ ላሚቷ አሽትታ ዞር አለች።

ጸሐፊው፦
እምቦጭ ወጣ። የወሉን መሬት ግን እናስብበት።

አባል፣ ከዘጌ በኩል፦
ሙሉ በሙሉ መከልከል አይሆንም፤ ያጣላናል። በጉን መጀመሪያ እናውጣው፣ ትሉ እሱን ቶሎ ይጥላል። ሣሩን ከፍ አድርገን አጭደን፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቀን ድርቆሽ እናድርገው። ደንገሉም በዚያው ይተርፋል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ወረዳው ይህን ሲያይ ወሰን ቢያበጅልን አይገርመኝም።

ወጣት አባል፦
ዝርያውን ግን አትጣሉት። ቶሎ ያደገውን የዋሸራ ጠቦት ለእንቁጣጣሽ እንሸጣለን፣ የተረፈው ኮሳሳ አባት ይሆናል። በየዓመቱ በጋችንን የምናሳንሰው ራሳችን ነን።

ጸሐፊው፦
ይህ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል፦ ማኅበሩ ምርጡን ጠቦት በገበያ ዋጋ ገዝቶ ያስቀራል፣ ከገዛ ልጆቹ ጋር እንዳይዳቀል በየሁለት ዓመቱ ወደ ሌላ ቀበሌ ይዛወራል፣ ሌላው ይኮላሻል። ምርጫውን እንዲያግዙን የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልን እንጠይቃለን። ባሕር ሸሽ ግን መጀመሪያ ገጽ ላይ ይወጣል። ተቃዋሚ?

አባል፣ ከዘጌ በኩል፦
የለኝም። የባሕር ሸሹን ጥበቃ በተራ እናድርገው፣ ግን እኔ ሌሊት አልወጣም።

እናት አባል፦
ሌሊቱን ለጎረምሶቹ ስጡ። የመጀመሪያውን ገለባ እኔ ቤት አፍኑት፤ ቦታ አለኝ። ፕላስቲክ የያዘ ይምጣ።