የጫማ አምራቾች ማኅበራችን ለዓለም ንግድ ድርጅት ድርድር የሚያቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ ረቂቅ ሦስት

ጸሐፊ፦ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያመለከተችበት የአባልነት ድርድር ሲቋጭ፣ በአብዛኞቹ የዕቃ ዓይነቶች ላይ ልታልፈው የማትችለውን የቀረጥ ጣሪያ ታስመዘግባለች። እ.ኤ.አ. በ2012 በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ላሉ አገሮች በወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከግብርና ውጭ ካሉት የታሪፍ መስመሮች (በታሪፍ መጽሐፉ ከተዘረዘሩት የዕቃ ዓይነቶች) 95 በመቶው በአማካይ በ35 በመቶ ጣሪያ ሊታሰሩ፣ ቀሪው 5 በመቶ ደግሞ ሳይታሰር፣ ማለትም ያለ ጣሪያ፣ ሊቆይ ይችላል። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የታሪፍ መጽሐፉ ምዕራፍ 64፣ ማለትም ጫማ፣ በዚያ 5 በመቶ ውስጥ ይግባልን። ለሚኒስቴሩ ከምንልከው ደብዳቤ ጋር የዋጋ ሰንጠረዥና ሁለት ጥንድ ጫማ ይሄዳል፤ አንዱ ከውጭ የመጣ፣ ሌላው የእኛ የወንዶች ጫማ። አስተያየት እስከ ዓርብ።

የልጆች ጫማ አምራች፦ ለምን የወንዶች? ሰልባጁም ሆነ ከውጭ የሚገባው የፕላስቲክ ጫማ አስቀድሞ ከገበያ ያስወጣው የልጆችን ጫማ መሆኑን እዚህ የማያውቅ የለም። የእኛ ጥንድ ካልተላከ መዋጮዬን አልከፍልም።

ዲዛይነር፦ የዋጋ ሰንጠረዡን እኔ እሠራዋለሁ፤ ደረሰኞቹን ላኩልኝ።

የወንዶች ጫማ አምራች፦ ለሚኒስቴር የሚላክ ጫማ የማኅበሩ ፊት ነው። በማስቲሽ ብቻ ተያይዞ ክረምት ሳይወጣ አፉን የሚከፍት ጫማ ልከን ጥበቃ ይደረግልን ብንል የሚስቅብን እንጂ የሚሰማን አይኖርም።

የልጆች ጫማ አምራች፦ አፉን የከፈተው የእርስዎ ነው። ባለፈው ባዛር ላይ የተመለሰልዎትን ካርቶን ሁላችንም አይተናል።

ገንዘብ ያዥ፦ ባዛሩን ተዉት። እስካሁን መዋጮ የከፈሉት ከግማሽ በታች ናቸው፤ የማማከሪያውም ክፍያ ገና አልተጠናቀቀም።

የሴቶች ጫማ አምራች፦ የሴቶች ጫማ እንዴት ሳይነሳ ቀረ? ሦስት ጥንድ ይላክ።

የወንዶች ጫማ አምራች፦ እንደዚያ ከሆነ ሱቅ እንክፈትላቸው።

ሶል አቅራቢ፦ እንዲላክ የምትጣሉበትን የወንዶች ጫማ እባካችሁ ገልብጡት። ቆዳው የአገር ውስጥ ነው፣ ሥራውም የእናንተ ነው፤ ሶሉ ሥር ግን የቻይና ጽሑፍ ተቀርጾበታል፤ ካርቶኑን ያመጣሁት እኔው ነኝ። ሶልና ታኮ ያሉት እዚያው ምዕራፍ 64 ውስጥ፣ በቁጥር 6406 ሥር ነው። ምዕራፉ በሙሉ ሳይታሰር ይቅር ማለት፣ ነገ አንድ ባለ ሶል ፋብሪካ ተነሥቶ በሶል ላይ ቀረጥ ይጨመር ሲል መንግሥትን የሚያግደው ጣሪያ አይኖርም ማለት ነው። ይህን ረቂቅ ፈርማችሁ ዋጋ ሲንር እኔን እንዳትወቅሱ።

የልጆች ጫማ አምራች፦ የእኔን ሶል እዚሁ ነው የማስመታው። ስለዚህ የእኔ ጥንድ ይሂድ።

የወንዶች ጫማ አምራች፦ ጥሬ ዕቃው ከየት መጣ?

የቆዳ ነጋዴ፦ ይህ ሁሉ ጣሪያ ምን ያደርግልናል? ደቡብ አፍሪካ እንዳደረገችው ከቻይና ጋር በቀጥታ ተስማምቶ ኮታ መጣል ነው።

ጸሐፊ፦ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 በ31 የልብስና የጨርቃ ጨርቅ ዓይነቶች ላይ ያንን ሞክራለች። የቻይናው ሲቀንስ የሌሎች አገሮች ዕቃ ቦታውን ያዘ፤ ፋብሪካዎቿ የጠበቁትን እፎይታ አላገኙም። ደግሞም ልንገባበት በምንደራደርበት ድርጅት ውስጥ፣ የጥበቃ እርምጃዎች ስምምነት አንቀጽ 11 ላኪው አገር በስምምነት ኤክስፖርቱን እንዲገድብ ማድረግን ይከለክላል። ልንከለከል በምንሄድበት ነገር ደብዳቤ አንጀምርም።

የቀድሞ ሊቀ መንበር፦ በ1990ዎቹ የቻይና ጫማ መርካቶን ሲያጥለቀልቅ ብዙዎቻችን ጫማ የምንቀርጽበትን ፎርማ ሰቅለን ነበር። ገበያውን መልሰን የያዝነው በቀረጥ ሳይሆን ዲዛይን ቀይረን፣ ስፌት አጥብቀን ነው። ጣሪያውን ጠይቁ፣ አልቃወምም፤ ነገር ግን ዛሬ እጃችን ላይ ያለው ችግር የሶልና የማስቲሽ ዋጋ ነው። እናንተ ሁለታችሁም ስድቡን አቁሙ፤ ልጆቻችሁ አብረው ነው የሚማሩት።

የወንዶች ጫማ አምራች፦ እሺ ጋሼ። የባዛሩን ነገር ትቼዋለሁ፤ የልጆቹም ይላክ።

የልጆች ጫማ አምራች፦ መዋጮዬን ዛሬ አስገባለሁ። ቁጥር 30 ነው የምልከው፤ ከዚያ በታች ያለው በፎቶ አያምርም።

የሴቶች ጫማ አምራች፦ የእኔስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ሰንጠረዡ የታለ? ዲዛይነሩ ስልክ አያነሳም፤ ደረሰኞቹም እሱ ዘንድ ናቸው።

ጸሐፊ፦ ረቂቅ አራት ተያይዟል። በመጀመሪያው ገጽ በሶል፣ በማስቲሽና በፎርማ ላይ ያለው ቀረጥ እንዲነሳልን እንጠይቃለን። በሁለተኛው ገጽ የጫማ ኤግዚቢሽን ቦታ እንዲሰጠን እንጠይቃለን፤ የሴቶቹ ጫማ እዚያ ይታያል። የዋጋ ሰንጠረዥ የለውም።

የቆዳ ነጋዴ፦ 5 በመቶው የት ገባ? ደብዳቤውን የጀመርነው በእሱ አልነበረም ወይ?

ጸሐፊ፦ ገጽ ሦስት፣ የግርጌ ማስታወሻ። 6406ን ሳይጨምር።

ሶል አቅራቢ፦ እንደዚህ ከሆነ እፈርማለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ፊርማው ከመዋጮው በኋላ ነው።