ለቪትዝ የኋላ ኮፈን ምን ዓይነት የሰብዉፈር ሳጥን ይሻላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። የምነዳው ቶዮታ ቪትዝ ነው። ባለ 10 ኢንች ሰብዉፈር (የቤዝ ስፒከር) ገዛሁ፤ ወረቀቱ ላይ 250 ዋት አርኤምኤስ (ሳያቋርጥ የሚችለው ኃይል) ይላል። ሳጥን የለውም። አንድ ሠሪ "ቀዳዳ ያለው ካልሆነ ቤዝ አይኖረውም" አለኝ። እሱ የለካው ሳጥን ግን ኮፈኑን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ አስቤዛ አለ፤ የልጅ ጋሪም አለ። የምሰማው ሬጌና የድሮ አማርኛ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

አናጺው፦
ወንድሜ፣ ዝግ ሳጥን አሠራ። ሰውየው አልዋሸህም፤ ቀዳዳ ያለው በዚያው አምፕ (የድምፅ ማጉያ) የበለጠ ይጮሃል። ግን ለ10 ኢንች ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ሊትር የውስጥ ይዘት ይፈልጋል። ለዝጉ ከ15 እስከ 20 ይበቃል። ደግሞ ቪትዝ ውስጥ ኮፈኑና ተሳፋሪው ያሉት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ጠባብ መኪና ወፍራሙን ድምፅ ራሱ ያጎላዋል። ቤዝ ጊታሩን ጥርት አድርገህ ትሰማለህ፤ ለሬጌ ደግሞ ዋናው እሱ ነው።

በ18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ)፣ ከውጭ 40 በ32 በ25 ሴንቲሜትር አሠራው። የእንጨቱ ውፍረት ሲቀነስ ውስጡ 22 ሊትር ገደማ ይመጣል። ስፒከሩ ራሱ ከዚያ ላይ 1 ወይም 2 ሊትር ይወስዳል። ብዙ ሰው የውጩን ልክ አስልቶ ነው የሚሳሳተው። ከመቁረጥህ በፊት ግን ወረቀቱን እይ። አምራቹ የጻፈው ሊትር ከእኔ ግምት ይቀድማል። መጋጠሚያውን በኮላ አጣብቅ፣ ከውስጥ በሲሊኮን ድፈን። ሲሊኮኑ ቢያንስ አንድ ቀን ይድረቅ፤ እንፋሎቱ የስፒከሩን ጠርዝ ሊጎዳ ይችላል። ገጥመህ ስትጨርስ ስፒከሩን በመዳፍህ ቀስ ብለህ ጫን። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው፤ ወዲያው ከዘለለ አየር ያስወጣል።

ኤሌትሪሺያኗ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ገመዱ ነው። ከባትሪው የሚነሳው የፖዘቲቭ ገመድ ላይ ፊውዝ ይግባ፤ ከባትሪው ከ45 ሴንቲሜትር በላይ አይራቅ። አምፑ ጋ ብቻ ፊውዝ የተገባላቸው መኪኖች ስንት አይቻለሁ! ገመዱ መሃል ላይ ተልጦ ቦዲውን ከነካ እሳት ነው። ሳጥኑም ይታሰር። ልጅ ከሚቀመጥበት ወንበር ኋላ እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ልቅ አይተውም።

ሌላ ባለ ቪትዝ፦
እኔ አምፑ አብሮት ያለ ቀጭን 8 ኢንች ወንበር ሥር ነው ያስገባሁት። ኮፈኔ ነፃ ነው፣ ቤዙ ግን ለስለስ ያለ ነው። አንተ አንዴ ገዝተሃል፤ ዝጉን ሥራ።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዝጉን አሠራለሁ። ግን ተቀያሪው ጎማ ከወለሉ ሥር ነው። ላዩ ላይ ላስቀምጠው?

አናጺው፦
አስቀምጠው፤ ችግር የለውም። ብቻ ወለሉ ላይ በብሎን አትቸንክረው። ቦዲው ላይ ከታሰረ ጠንካራ ቀበቶ ጋር ያዘው፤ መፍቻው ደግሞ በእጅ የሚከፈት ይሁን። ለገመዱም ነቃይ መሰኪያ አድርግለት። ጎማ ማታ መንገድ ላይ ቢተነፍስብህ ሳጥኑን አንስተህ ተቀያሪውን ታወጣለህ።