መልህቅ ጥለን ስናድር ጀልባዋን በምን እናሙቃት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ያለነው ሲያትል ነው፣ ባለ 30 ጫማ የሸራ ጀልባ አለችን። ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ከባለቤቴ ጋር ወደ ሳን ሁዋን ደሴቶች ልንሄድ አስበናል። ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) ላይ ስንሆን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሰክተን እንገላገላለን፤ መልህቅ ጥለን ስናድር ግን መብራት የለም። ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ጠዋት ስንነሳ ደግሞ ጣሪያው ላይ ያሉት የብሎን ራሶች ሁሉ ውሃ ያንጠባጥባሉ። ለካምፒንግ የምትሆን ትንሽ የፕሮፔን ማሞቂያ አለችኝ። መስኮቱን ገርበብ አድርጌ እሷን አብርቼ ብተኛስ?

ከታኮማ፦ ወንድሜ፣ በፍጹም አብርተህ እንዳትተኛ! አገር ቤት ከሰል አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች ምን እንደሚሆኑ ሁላችንም ሰምተናል። ጭስ ማውጫ የሌለው ማሞቂያ ካርቦን ሞኖክሳይዱን የሚለቀው እዚያው የምትተነፍሱበት ውስጥ ነው። ሽታ የለውም፣ አይታይም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ሰው ባሕሩ ያዞረው ይመስለዋል፤ እንቅልፍ ላይ ከሆነማ ጭራሽ አያውቀውም። ደግሞ አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣዋል፣ ስለዚህ ያ የምትለው ጠብታ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ጋዙም ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ ወለሉ ስር ይጠራቀማል፣ ከዚያ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። የፈለግከውን ማሞቂያ ብታስገባ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ከምትተኙበት አጠገብ ይኑር።

ከቫንኩቨር፦ ሞተርህ የናፍጣ ከሆነ መፍትሔው ቅርብ ነው። እንደ ዌባስቶ ወይም ኤበርሽፔቸር ያሉት አየር የሚነፉ የናፍጣ ማሞቂያዎች ከዚያው ታንከር ይቀዳሉ፣ ጭሳቸውንም በቱቦ ወደ ውጭ ያወጣሉ። ለአንተ ጀልባ 2 ኪሎዋቱ ይበቃል፤ በሰዓት ከሩብ ሊትር አይበልጥም የሚፈጀው። ስታስገጥም የጭስ ቱቦውን ተከታተል። ከመውጫው በፊት ከፍ ብሎ መታጠፍ አለበት፣ አለበለዚያ ጀልባዋ ስታጋድል ባሕሩ ተመልሶ ይገባበታል። ዝቅ አድርጎ ሌሊቱን ሙሉ ማንደድም ጥላሸት ያስይዘዋል፤ አልፎ አልፎ በደንብ ይንደድ።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ባትሪዬ 200 አምፔር ሰዓት ነው፣ የተለመደው የእርሳስ ባትሪ። ይችላል?

ከቫንኩቨር፦ ይችላል። ሲነሳ ለጥቂት ደቂቃ ብዙ ይስባል፣ ከዚያ በኋላ በ12 ቮልት 2 አምፔር ገደማ ነው። ለ12 ሰዓት 24 በል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ስለሚመረጥ እጅህ ላይ ያለው 100 ነው፤ መብራቱንና ፍሪጁን ስትጨምርበት ሁለት ሌሊት ያደርስሃል። ከዚያ ሞተር አስነስተህ ትሞላለህ።

ከስቶክሆልም፦ እኔ ግን መብራት ጨርሶ የማይፈልገውን የናፍጣ ምድጃ እመርጣለሁ፣ ግድግዳ ላይ የሚታሰረውን። ናፍጣው በራሱ እየወረደ ይነድዳል፣ ድምፅ የለው፣ ሙቀቱም ደረቅ ነው። ለመጋል ይዘገያል፣ ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣም ጭሱን መልሶ ሊያስገባ ይችላል፣ ስለዚህ ጥሩ የጭስ ማውጫ ቆብ ግዛለት። እርጥበቱን በተመለከተ ግን ማሞቂያ ብቻውን አይፈታውም። ፍራሹን ከስሩ አየር እንዲገባው በእንጨት ርብራብ ከፍ አድርገው፣ ካልሆነ ከታች ይሻግታል። ሽሮ ስትሠሩ ድስቱን ክደኑ፣ ከላይ ያለውን መስኮትም ክፈቱ። ቢበርድም ክፈቱ።

ከሲያትል፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ማሪናውም። 1500 ዋቱ ማሞቂያ በ120 ቮልት 12 አምፔር ተኩል ይስባል፤ ሁለት ከሰካህ 25 ይሆናል፣ ከማሪናው ወደ ጀልባዋ የሚመጣው የመብራት መስመር ደግሞ ብዙ ጊዜ ባለ 30 አምፔር ነው። ሶኬቱ ካረጀ ወይም ጨው ከበላው ይግላል፣ እሳትም የሚነሳው ከዚያ ነው። ዛሬ ማታ ማሞቂያው አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ የመስመሩን መሰኪያ በእጅህ ንካው። የሚያቃጥል ከሆነ ማሞቂያውን አጥፋ፣ የመስመሩን ብሬከር አውርድና ነቅለህ እየው፤ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ካገኘኸው ሳትለውጠው እንዳትሰካው።